እንደተጠበቀ ሆኖ፦ የሕግ ጽሑፍ ለምን ይከብደናል?

እስቲ ይህችን አንዴ አንብቧት።

«ተከራዩ፣ በዚህ ውል አንቀጽ 4 የተመለከተው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በአከራዩ በኩል አስቀድሞ በጽሑፍ ፈቃድ ካልተሰጠ በስተቀር፣ በቤቱ ላይ በሚደረግ በማናቸውም ዓይነት ለውጥ፣ እድሳት ወይም ጥገና ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም ሆነ ለሚወጣ ወጪ፣ ውሉ በማናቸውም ምክንያት በሚቋረጥበት ጊዜ ቤቱን በነበረበት ሁኔታ መልሶ የማስረከብ ግዴታው ሳይቀር፣ ሙሉ በሙሉ ተጠያቂ ይሆናል።»

ዓረፍተ ነገሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። የኪራይ ውል ፈርሞ የሚያውቅ ሰው ግን ዘመዶቹን ያውቃቸዋል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ተከራዩ ወጥ ቤቱን ማደስ ፈለገ። አከራዩን አስፈቀደ። አከራዩም «እሺ፣ አድስ» ብሎ ጻፈለት። ወጪው የማን ነው?

ተመልሳችሁ ብታነቡት ሁለት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ አንባቢ «ፈቃድ ካለ ተከራዩ ተጠያቂ አይደለም፣ ስለዚህ አከራዩ ይክፈል» ይላል። ሌላው «ፈቃዱ ለመሥራት ነው እንጂ ለወጪው አይደለም» ይላል። ሁለቱም ጣታቸውን የሚያሳርፉት በዚያው መስመር ላይ ነው።

እኔም ይህንኑ አንቀጽ ሰው በሚገባው አማርኛ ልጽፈው ሞከርኩ። «ተከራዩ ቤቱን ከመለወጡ፣ ከማደሱ ወይም ከመጠገኑ በፊት ከአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ያለ ፈቃድ ከሠራ፣ ወጪውንም የሚደርሰውን ጉዳትም ራሱ ይከፍላል። በፈቃድ ከሠራ ደግሞ...»

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። በፈቃድ ከሠራስ? ማን ይክፈል? ቤቱን ሲለቅስ? አከራዩ ራሱ የፈቀደለትን ወጥ ቤት አፍርሶ ነው የሚያስረክበው? የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ አልወሰነም። አለመወሰኑ ግን አይታይም። ረጅም ነው፣ ግርማ አለው፣ «ማናቸውም» የሚል ቃል ደጋግሞ ይዟል። ሰው ሲያየው ሁሉ ነገር የታሰበበት ይመስለዋል።

ስለ ግልጽ ቋንቋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የአንባቢው ጥቅም ነው። አንባቢው እንዳይቸገር፣ እንዳይታለል። ይህ እውነት ነው። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን በጸሐፊው ላይ የሚያመጣው ነገር ነው። በግልጽ ስትጽፍ ያልወሰንከው ነገር ፊት ለፊትህ ይቆማል። መሸሸጊያ የለህም።

ጥፋቱ የሕጉ ነው ወይስ የአጻጻፉ?

ብዙ ሰው «ሕግ ራሱ ከባድ ነገር ነው፣ ጽሑፉም ቢከብድ አይገርምም» ይላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው።

እ.ኤ.አ. በ2022 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኤሪክ ማርቲኔዝ የተባለ፣ ሕግም የተማረ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አወጣ። የውል ጽሑፎችን ከጋዜጣ፣ ከልብ ወለድና ከሌሎች ጽሑፎች ጋር አነጻጸሩ። ከዚያ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸውን አንቀጾች በሁለት መንገድ ጽፈው ለሰዎች አስነበቡ። አንዱ በተለመደው የሕግ አጻጻፍ ነው፣ ሌላው በቀላል። ሰዎቹ በቀላሉ የተጻፈውን በተሻለ ተረዱት፣ በተሻለም አስታወሱት። ይዘቱ አንድ ነው። ሕጉ አልቀለለም። የቀለለው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ከሁሉ በላይ አንባቢን የጣለው ደግሞ ከባድ ቃል አልነበረም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ሌላ ዓረፍተ ነገር መሸጎጥ ነው። ባለቤቱን ትጠራለህ፣ ግሡን ግን ታዘገያለህ። በመሃል አንድ ሁኔታ ትከታለህ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሁኔታ። አንባቢው «ተከራዩ» የሚለውን ቃል በአንድ እጁ ይዞ አርባ ቃል ይጓዛል። «ተጠያቂ ይሆናል» ላይ ሲደርስ እጁ ዝሏል።

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ፈተና ለጠበቆች ሰጡ። ጠበቆችም እንደ ሌላው ሰው በቀላሉ የተጻፈውን ነው የተሻለ ያስታወሱት። ይባስ ብሎ፣ በቀላሉ የተጻፈው ውል በፍርድ ቤት ፊት ከሌላው እኩል ይጸናል ብለው መለሱ። እና ማን ነው ይህን አጻጻፍ የሚፈልገው? አንባቢው አልፈለገውም። ጠበቃውም አልወደደውም።

በ2024 የወጣው ሦስተኛው ጥናት ለዚህ ደስ የሚል ፍንጭ ይሰጣል። ሕግ ያልተማሩ ሰዎችን «ሕግ ጻፉ» አሏቸው። ጻፉ። እነሱም በዓረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ዓረፍተ ነገር መሸጎጥ ጀመሩ! ስለዚያው ጥፋት ታሪክ ጻፉ ሲባሉ ግን ቀጥ ባለ ቋንቋ ጻፉ። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ከድግምት ጋር አመሳሰሉት። ድግምት እንደ ተራ ወሬ ከተነገረ ድግምት አይሆንም። ለየት ያለ ድምፅ ይፈልጋል። የሕግ ጽሑፍም እንደዚያ ነው። ጠመዝመዝ ማለቱ «ይህ ቀልድ አይደለም፣ ሥልጣን አለው» ለማለት ነው። ሰው ሲሰማው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። መረዳቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የአማርኛው ጣጣ

ጥናቶቹ የተሠሩት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ላይ ነገሩ የሚብስ ይመስለኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ገላጩም ከስሙ ይቀድማል። ስለዚህ የምንሸጉጠው ነገር ሁሉ ከፍሬ ነገሩ በፊት ይደረደራል። «ያለ ፈቃድ በተሠራ ግንባታ ምክንያት በደረሰ ጉዳት ላይ በተሰጠ ውሳኔ ላይ የቀረበ ይግባኝ» ስንል ስለ ይግባኝ እየተወራ መሆኑ የሚታወቀው አሥራ ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደረስ ነው። ከዚያ ደግሞ ገና ግሥ ይጠበቃል። የአማርኛ ሕግ ጸሐፊ ከማንም በላይ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ያለበት ለዚህ ነው። ሌሎች ለውበት ያሳጥሩ ይሆናል። እኛ አንባቢው እንዲተነፍስ ነው።

የገላጭ ነገር ከተነሳ፣ ይህን ተመልከቱ። «ቋሚ የሆኑ ሠራተኞችና አማካሪዎች አበል ያገኛሉ።» ጊዜያዊ አማካሪ አበል አለው? «ቋሚ የሆኑ» የሚለው ሠራተኞችን ብቻ ነው ወይስ ሁለቱንም ነው የሚገልጸው? ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ቃላቱም ቀላል ናቸው። ግን ግልጽ አይደለም። ግልጽ ቋንቋ ማለት አጭር ቋንቋ ማለት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ግልጽ ለመሆን የቃላቱን ቦታ መቀየር ወይም ሁለት ቃል መጨመር ያስፈልጋል፦ «አማካሪዎችና ቋሚ የሆኑ ሠራተኞች» ወይም «ቋሚ የሆኑ ሠራተኞችና ቋሚ የሆኑ አማካሪዎች»። መድገም ያስጠላል? ይድገም። ውል ግጥም አይደለም።

ሌላው «አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል» የሚባለው ነገር ነው። ማን ነው የሚወስደው? መቼ? ምን ዓይነት እርምጃ? አማርኛ አድራጊውን ደብቆ የተደረገውን ብቻ ማውራት ይመቸዋል። ለወግ ጥሩ ነው። ለሕግ ግን አደገኛ ነው። ሕግ ማለት ማን ምን ማድረግ እንዳለበት መናገር ነው። «ማን» ከጠፋ ምኑን ሕግ ሆነ?

ከዚያ ስሞች ይመጣሉ። መክፈል ቀርቶ «ክፍያ መፈጸም»፣ መመርመር ቀርቶ «ምርመራ ማካሄድ»፣ ማሳወቅ ቀርቶ «ማሳወቂያ እንዲደርስ ማድረግ»። ግሡ ሞቶ ሬሳው በስም ተገንዞ ይወጣል።

«እንደተጠበቀ ሆኖ» ግን የሁሉ አለቃ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዓመታት ይህን ሐረግ ሳገኝ እዘለው ነበር። የጌጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጌጥ አይደለም። «የአንቀጽ 4 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ» ማለት «አሁን የምነግርህ ነገር ከአንቀጽ 4 ጋር ከተጋጨ፣ አንቀጽ 4 ያሸንፋል» ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው! አንድ መብት ሰጥቶ በሌላ በር የሚወስድ ሐረግ ነው። ታዲያ ለምን እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም? «ይህ አንቀጽ ከአንቀጽ 4 ጋር ቢጋጭ አንቀጽ 4 ይጸናል።» አንባቢው ወዲያው ገጹን ገልብጦ አንቀጽ 4ን ያያል። ምናልባትም ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ገልብጦ ማየቱ።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። «ተከራዩ በየወሩ ይከፍላል» ስንል ግዴታ ነው? ልማድ ነው? ወይስ የወደፊት ነገር? በሕግ አማርኛ «ይከፍላል» እና «ይሆናል» ሁሉንም ይሸከማሉ። እንግሊዝኛም «ሻል» የሚል ተመሳሳይ መከረኛ ቃል አለው። አንዳንዴ ግዴታ፣ አንዳንዴ ፈቃድ፣ አንዳንዴ ትንቢት ይሆናል። የአሜሪካ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች እንደገና ተጽፈው በታኅሣሥ 2007 ሥራ ላይ ሲውሉ ይህ ቃል እንዲወጣ ተደረገ። ግዴታ ከሆነ «አለበት»፣ ፈቃድ ከሆነ «ይችላል» የሚል ቃል ተተካበት። እኛ ሁለቱም ቃላት አሉን። መጠቀም ብቻ ነው የቀረን።

በወረቀት የተቀጣው ሰው

ይህ ሁሉ የመጣው ከየት ነው? በእንግሊዝ የሆነው በደንብ የተጻፈ ታሪክ ስለሆነ እሱን ልጥቀስ። ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ሲይዙ ፈረንሳይኛቸውን ይዘው ገቡ። የፍርድ ቤቱ ክርክር በፈረንሳይኛ፣ መዝገቡ በላቲን ሆነ። ባለጉዳዩ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው የሚያውቀው። በ1362 «ከእንግዲህ ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን» የሚል ሕግ ወጣ። ሕጉ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር! መዝገቡም ቢሆን ከላቲን ሙሉ በሙሉ የወጣው በ1733 ነው። በመሃል ጸሐፊዎቹ እንዳይሳሳቱ ቃሉን በሁለት ቋንቋ ደርበው ይጽፉት ነበር። በእንግሊዝኛ ውሎች ዛሬም አንድ ነገር በሁለትና በሦስት ቃል የሚባለው ከፊሉ የዚያ ርዝራዥ ነው።

ገንዘብም ነበረበት። የፍርድ ቤት ወረቀት በገጽ ብዛት ይከፈልበት ስለነበር ማስረዘም ያበላል። በ1596 አንድ ሰው በ16 ገጽ ሊያልቅ የሚችል መልስ 120 ገጽ አድርጎ አቀረበ። የዳኛው ትዕግሥት አለቀ። ወረቀቱ መሃሉ እንዲቀደድ፣ የሰውየው ጭንቅላት በቀዳዳው እንዲገባ፣ እንደዚያ ሆኖም ችሎት በተቀመጠበት የዌስትሚንስተር አዳራሽ ሁሉ እየዞረ እንዲታይ አዘዘ። ቅጣቱን ዛሬ መልሱት አልልም። ሐሳቡ ግን አንዳንድ ውል ሳነብ ብልጭ ይልብኛል።

በዘመናችን ነገሩን ያነቃቃው ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይሆን ባንክ ነው። በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ የነበረው ፈርስት ናሽናል ሲቲ ባንክ (የዛሬው ሲቲባንክ) የብድር ውሉን በግልጽ ቋንቋ አስጻፈ። አዲሱ ቅጽ በ1975 ወጣ። ተበዳሪው ግዴታውን አልተወጣም የሚባለው መቼ እንደሆነ የሚዘረዝረው አንቀጽ ድሮ ማለቂያ የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አዲሱ ሁለት ነገር ብቻ ይላል፦ ክፍያዬን በጊዜው ካልከፈልኩ፣ ወይም ሌላ አበዳሪ እናንተ ዘንድ ያለኝን ገንዘብ በሕግ ለመውሰድ ከሞከረ። «እኔ» እና «እናንተ» የሚል ውል! በወቅቱ ጉድ ነበር።

የቀሩት ምክንያቶች የት ሄዱ? ይህ ነው ዋናው ነገር። ጠበቆቹ እያንዳንዷን ሐረግ በግልጽ ለመጻፍ ሲቀመጡ «ይህን በእርግጥ እንፈልገዋለን?» ብለው መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ብዙዎቹ የማያስፈልጉ ሆነው ተገኙ። ወጡ። በጨለማ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ዕቃ መብራት ሲበራ ነው ቆሻሻ መሆኑ የሚታወቀው። ኒው ዮርክ ከሁለት ዓመት በኋላ የሸማች ውሎች በግልጽ ቋንቋ እንዲጻፉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

«ግልጽ ከሆነ ይላላል» የሚሉ

የጠበቆች ዋና መከራከሪያ ይህ ነው። የድሮው ቋንቋ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። ትርጉሙ ይታወቃል። ብትነካካው ቀዳዳ ትከፍታለህ።

ከፊሉ እውነት ነው። አንዳንድ ቃል ሙያ ነው፣ ምትክ የለውም። «ይርጋ» የሚለውን ውሰዱ። መብትህን በጊዜው ካልጠየቅህ ጊዜ ራሱ ይዘጋብሃል ማለት ነው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ከያዘ ይቆይ። አጠገቡ አንድ መስመር ማብራሪያ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ያሉ የግድ የሚያስፈልጉ ቃላት ግን በአንድ ውል ውስጥ ጥቂት ናቸው። የቀረው «ከላይ በተጠቀሰው አግባብ»፣ «በሚመለከተው በኩል»፣ «ከዚህ በኋላ እየተባለ የሚጠራው» ነው። እነዚህን የፈተናቸው ፍርድ ቤት የትኛው ነው?

ደግሞስ የድሮው ስልት ያን ያህል ጥብቅ ከሆነ፣ በአንድ ነጠላ ሰረዝ ለምን ይናዳል? በአሜሪካ ሜይን ግዛት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች የሚዘረዝር ሕግ ነበር። በቆርቆሮ ማሸግ፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ «ለማጓጓዝ ማሸግ ወይም ማከፋፈል» የሚመስል ሐረግ ይመጣል። በእንግሊዝኛው «ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ከ«ወይም» በፊት ነጠላ ሰረዝ የለም። የኦክኸርስት ዴይሪ ሾፌሮች ወተት ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም። ስለዚህ «ሕጉ የሚያስቀረው ማሸግን ነው፣ እኛን አይደለም» ብለው ከሰሱ። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሐረጉ አሻሚ ነው ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ። በ2018 ኩባንያው በ5 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ሥራዎቹ አንድ በአንድ በየመስመራቸው ቢጻፉ ኖሮ ይህ ክርክር አይነሳም ነበር።

የእኔን ጉድ ደግሞ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ጓደኛዬ ብድር ዋስ ሆንኩ። ሦስት ዋሶች ነበርን። ውሉ «ዋሶቹ ዕዳውን በአንድነትና በነጠላ ለመክፈል ተስማምተዋል» ይላል። እኔ የገባኝ «በአንድነት እንከፍላለን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ድርሻ» የሚል ነበር። ለሦስት ሲካፈል አይከብድም አልኩ። ፈረምኩ። ጓደኛዬ መክፈል አቃተው። ደብዳቤው የመጣው ለእኔ ብቻ ነው፣ የሚጠይቀውም ሙሉውን ዕዳ ነው። ሄጄ «ሦስት አይደለንም እንዴ?» አልኩ። ሠራተኛው ጨዋ ሰው ነው። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ «ፈርመዋል እኮ» አለኝ። በሕግ ቋንቋ «በነጠላ» ማለት አበዳሪው የፈለገውን አንዱን መርጦ ሙሉውን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው ለካ። በአንድነት የተፈረመውን በነጠላ ከፍዬ ጨረስኩ።

ሐረጉ ትክክል ነው። ጥብቅም ነው። ለማን ግን? ለአበዳሪውና ለዳኛው። የሚከፍለው ሰው ግን ሳያውቅ ነው የፈረመው። እንዲህ ያለውን ጥብቅነት እኔ ግማሽ ጥብቅነት ነው የምለው።

መረዳት ማለት እስከ የት ነው?

በአውሮፓ ኅብረት በ1993 በወጣ መመሪያ መሠረት የሸማች ውል ግልጽና የሚገባ መሆን አለበት። አሻሚ ከሆነ ለሸማቹ በሚጠቅመው መንገድ ይተረጎማል። ይህ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። «የሚገባ» ማለት ምን ያህል ነው ግን?

በሃንጋሪ አንድ ባልና ሚስት በስዊስ ፍራንክ የተሰላ የቤት ብድር ወሰዱ። የብድሩ መጠን ሲሰላ ባንኩ የተጠቀመው ምንዛሪውን የሚገዛበትን ዋጋ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ሲሰላ ደግሞ የሚሸጥበትን ዋጋ። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ለባንኩ ይገባል። ውሉ ይህን ጽፏል። ሰዋስዉም ችግር የለበትም። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2014 የሰጠው መልስ ለእኔ በዚህ መስክ ከተባሉት ሁሉ ምርጡ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው መግባቱ ብቻ አይበቃም አለ። ሸማቹ ውሉ ኪሱ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማስላት መቻል አለበት።

ይህ ሐሳብ ብዙ ነገር ይለውጣል። «ግልጽ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ቃላቱ ሳይሆን ወደ ሰውየው ይዞራል። አንብቦ ውሳኔ መስጠት ችሏል? በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የግልጽ ቋንቋ ደረጃም መንፈሱ ያው ነው። አንባቢው የሚፈልገውን ማግኘት፣ መረዳትና ሥራ ላይ ማዋል መቻል አለበት ይላል። ደቡብ አፍሪካ በ2008 ያወጣችው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ደግሞ መለኪያውን አማካይ የማንበብ ችሎታና ጥቂት ልምድ ያለው ሰው አድርጎታል። ጠበቃ ሮበርት ደ ሩይ በዚያችው አገር ከዚህም አልፎ ሄደ። ለፍራፍሬ ለቃሚዎች የሥራ ውል በሥዕል አዘጋጀ። ሠራተኛውና አሠሪው በሥዕል ተስለው ይነጋገራሉ። ፊርማው መጨረሻ ላይ አለ። ሙሉ ውል ነው።

ፍርድ ቤትም ይህ በሽታ አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳኛው ለጁሪ የሚያነበው ማስገንዘቢያ ድሮ «የትውስታ ጉድለት የተለመደ ነው፤ ከክፋት ያልመነጨ የተሳሳተ ትውስታም ያልተለመደ አይደለም» ዓይነት ነበር። በ2003 የተተካው «ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፣ በሚያስታውሱትም ይሳሳታሉ» ይላል። የሰው ዕጣ የሚወስኑ ተራ ዜጎች የቱን ቢሰሙ ይሻላል?

አሁን አሁን ደግሞ ሰው ውሉን ፎቶ አንስቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እየሰጠ «አሳጥረህ ንገረኝ» ማለት ጀምሯል። ይገባኛል፣ እኔም አደርገዋለሁ። አደጋው ግን ማጠቃለያ ሲሠራ መጀመሪያ የሚወድቁት «በስተቀር» እና «እንደተጠበቀ ሆኖ» መሆናቸው ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ደግሞስ ፍርድ ቤት የሚይዘው የፈረምከውን እንጂ ስልክህ ያሳጠረልህን አይደለም።

ጸሐፊው ራሱ ግልጽ መሆኑን እንዴት ይወቅ? «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሰው አልገባኝም ማለት ያፍራል፣ በተለይ ኮት የለበሰ ሰው ፊት። የሚሻለው ውሉን ሰጥቶ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ሁለት ወር ብትዘገይ ምን ትሆናለህ? ሐሳብህን ብትቀይር መውጫህ የት ነው? ሰውየው መልሱን ውሉ ላይ በጣቱ ካላሳየህ፣ መታረም ያለበት ውሉ ነው።

በቅርቡ አክስቴ ደወለችልኝ። ለጓደኛዋ ልጅ ዋስ ልትሆን ነው። «አንተ ይህን ነገር ታውቅበታለህ፣ እስቲ እየው» አለችኝ። ሄድኩ። አነበብኩት። «በአንድነትና በነጠላ» ያው እንደ ድሮ ጓደኛዬ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ብዕር አውጥቼ ከሥሩ ጻፍኩ። «ልጁ ባይከፍል አበዳሪው ሙሉውን ዕዳ ከእኔ ብቻ መጠየቅ ይችላል። ልጁን ወይም ሌላውን ዋስ አስቀድሞ መጠየቅ አይጠበቅበትም።»

መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«እኔ ብቻዬን?»

«ሊሆን ይችላል።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «በል ስልኬን አቀብለኝ» አለች፣ «ከልጁ ጋር መጀመሪያ ልነጋገር።»